ዐሥሩን ልምረጥ ወይስ ሃምሳ ስምንቱን ላስተምር?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የምታስነብበኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ33 ዓመት ሰው ነኝ። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እዚህ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከትምህርት ቤታችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ተማሪ የለም። አንድም። መስከረም ላይ ውጤት ሲለቀቅ ከፍተኛው 271 ነበር፣ ከ600። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ቤቴ ድረስ መጣችና «ቲቸር፣ ሲስተሙ ተሳስቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ ከተማው ስም አወጣልን። ከመናኸሪያ የሚነሱት ባጃጆች በራችን ላይ ሲደርሱ «ዜሮ ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ። አንድ ቀን «አለ» ብዬ ወረድኩ። ሌላ ምን እላለሁ፣ የምሠራው እዚያ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ርዕሰ መምህራችን ወረዳ ስብሰባ ላይ ማንም ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በስም ሲነበቡ ሰምቶ መጣ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ዘንድሮ 58 ተፈታኞች አሉን። ከናቹራልም ከሶሻልም አጣርተህ ዐሥር ልጅ ምረጥ አለኝ። ለብቻቸው ክፍል ይከፈታል። ጠንካራ የሚባሉት መምህራን ወደ እነሱ ይዛወራሉ፣ እኔም ጭምር። የኮምፒውተር ክፍሉም ለእነሱ ይሆናል። «ሁለት ልጅ ካሳለፍን ከዝርዝሩ እንወጣለን» ነው የሚለው። ቀሪዎቹ 48 ጋ ማን ይገባል ስለው «የተገኘው ይገባል» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። በቀደም 2/3 እና 3/4 የቱ ይበልጣል ብዬ ክፍል ውስጥ ጠይቄ ነበር። ከ58ቱ በትክክል የመለሱት 23 ናቸው። 12ኛ ክፍል! ከዐሥር ልጅ ጋር ብቻዬን ብሆን የት እደርስ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ግን ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንደኛው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ጠዋት ድንጋይ ሲጠርብ ቆይቶ አቧራውን ሳያራግፍ ነው የሚመጣው። በክፍል ውጤት ሠላሳኛ አካባቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያሳፍራል። በአምናው የክፍል ውጤት ዝርዝሩን ሳወጣ ዐሥራ አንደኛ የሆነችው የእህቴ ልጅ ናት። ከዐሥረኛው የምታንሰው በግማሽ ነጥብ ነው። እህቴ ወሬውን ሰምታለች። «አጎቷ አንተ እያለህ ልትቀር ነው?» አለችኝ። ዕቅዱን ልቃወም ብል ለእህቱ ልጅ ብሎ ነው እባላለሁ። እሷን ላስገባ ብል አንዱን ልጅ ላወጣ ነው። ዝርዝሩን እስከ ኅዳር 1 አስገባ ተብያለሁ።

አንድ የግል ትምህርት ቤትም በተሻለ ደመወዝ ጠርቶኛል። አንዳንዴ ሁሉን ትቼ ልሂድ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የዜሮው መምህር

*

መምህር፣

ዕድሜህ ከታናሽ ወንድሜ እኩል ነውና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። የፈረምክበትን ስም ግን እኔ አልደግመውም።

የባጃጁን ነገር ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አንተ «አለ» ብለህ ስትወርድ ታየኝና ሳቄ ጠፋ። ባለ ባጃጁ ቀልድ አገኘ፣ ተናገረ፣ ረሳው። አንተ ግን ይዘኸው ክፍል ትገባለህ። ተማሪዎችህም በዚያው ባጃጅ ነው የሚመጡት። ስለዚህ የርዕሰ መምህሩ ዕቅድ ለምን እንደሳበህ አይጠፋኝም። ሁለት ልጅ ብቻ ቢያልፍ ያ ስም ከበሩ ላይ ይነሳል። በአንተ ቦታ ብሆን እኔንም ያጓጓኝ ነበር።

ግን ቆይ፣ ይሄ ዜሮ የሚባለው የሚቆጥረው ምንድን ነው?

የሚቆጥረው ከ600ው ግማሹን፣ 300ና ከዚያ በላይ ያመጣን ልጅ ነው። ሌላ ማንንም አይቆጥርም። 299 ያመጣውና 90 ያመጣው እዚያ ዝርዝር ላይ እኩል ናቸው፣ ሁለቱም የሉም። ቤትህ ድረስ የመጣችው ልጅ 29 ነጥብ ነው የጎደላት። ለስድስቱ ፈተና አካፍለው፤ በየአንዳንዱ አምስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ደግሞ አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ይህች ልጅ ሬሜዲያል ደረሳት ወይ? መቼም ታውቀዋለህ፣ ከ2015 ወዲህ ግማሹን ያላመጡ ልጆች ሁሉ በሩ አልተዘጋባቸውም። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ከ300 በታች የሆነ መቁረጫ ነጥብ ያወጣል፣ ለሴቶች ደግሞ ዝቅ ይላል። እሱን ያገኘ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለወራት ይማራል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ፍሬሽማን ሆኖ ይቀጥላል። ባለፉት ዓመታት ከነበረው መቁረጫ አንጻር 271 የሚያስገባ ነጥብ ነው። እንግዲህ ልጅቷ በከተማው አፍ ዜሮ ናት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ይሄን የነገራት ሰው ከሌለ ዛሬውኑ ደውልላት። እውነቴን ነው፣ ደብዳቤዬን አቁመህ ደውልላት።

ከ48ቱም ውስጥ እንደዚህ ያሉ ይኖራሉ። ዘንድሮ 150 ሊያመጣ የነበረ ልጅ ተደግፎ 230 ቢያመጣ ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት አንዲት መስመር አይጨምርም። ለልጁ ግን ሌላ ሕይወት ሊሆን ይችላል። እኔ ዕቅዱ ላይ ያየሁት ጉድለት ይሄ ነው። ጠንካሮቹን መርዳቱ አይደለም የከፋኝ። ሌሎቹ ምንም ቢያመጡ ያው ናቸው ተብሎ መነሻው ላይ መወሰኑ ነው።

በነገርህ ላይ በዚህ ስም የምትጠሩት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ማለትም የ2014 ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ሲፈተኑ፣ በመላ አገሪቱ ግማሹን ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 1,363። ይሄን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ የብዙዎች ችግር መሆኑ የአንተን ልጆች አያሳልፍም። ግን ስብሰባ ላይ ስማችሁ ሲነበብ ጥፋተኛ ሆነህ የተጠራህ መስሎህ ከሆነ፣ ወደ ሺህ አራት መቶ የሚጠጋ ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ስንፍና እንደማይወድቅ አስብ።

ልጆችህን ራሳቸውን እይ። በ2018 12ኛ የደረሰ፣ ክፍል ያልደገመ ልጅ በመጋቢት 2012 ስንተኛ ክፍል ነበር? ስድስተኛ። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ክፍልፋይና መቶኛ አእምሮ ውስጥ ሥር በሚይዝበት ዕድሜ ወራት ቤት ተቀመጡ። ሲመለሱ የቀረውን የሚሞላ አልነበረም፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። የ10ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ቀርቷል። ከስምንተኛ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው መዝኗቸው አያውቅም። እንግዲህ 2/3 እና 3/4 ላይ የሳቱት 35 ልጆች አንተ ጋ የመጡት ስድስተኛ ክፍል የተቀደደውን ሳይጥፉ ነው። አንተ ደግሞ ከላይ ካልኩለስ ትደርብበታለህ፤ መርሐ ግብሩ ስለሚያዝህ።

ርዕሰ መምህሩን ክፉ አድርጌ ልስልህ አልችልም። የሚገመገመው በዚያ ቁጥር ነው። ሐሳቡም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ከዚያች ከተማ ሁለት ልጅ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጅ «ለካ ይቻላል» ይላል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ገብተህ «አልመርጥም» ብለህ በሩን እንድትዘጋ አልመክርህም። ትጣላላችሁ፣ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ያወጣዋል፣ አንተም ከጨዋታው ትወጣለህ።

እኔ መስመሩን የማሰምረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለዐሥሩ የሚሰጠው ሰዓት ከየት ነው የሚመጣው? ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ የሚጨመር ከሆነ፣ እሰየው። ከ48ቱ መደበኛ ክፍለ ጊዜ ተቆርጦ ከሆነ ግን የአንዱን እራት ነጥቆ ለሌላው ምሳ መስጠት ነው። «የተገኘው ይገባል» የሚለው መልስ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ማንም አልገባም ማለት ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ርዕሰ መምህሩን በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ያዘው። መደበኛው ፕሮግራም ሳይነካ፣ ተጨማሪው ለተመረጡት ይሁን በለው። ሊከራከርህ ይችላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም ይልሃል፣ መምህራኑ ቅዳሜ አይመጡም ይልሃል። እውነቱን ነው። ከወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት ጋር ተነጋግራችሁ ቢያንስ የምሳና የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፈንበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠይቅ። ባይኖርም አንተና አንድ ሁለት ጓደኞችህ በፈረቃ ስንት ቅዳሜ ትችላላችሁ? ሁሉንም አልልህም። ቤት አለህ፣ ዓምዱን የምታስነብብህ ሚስት አለችህ።

አሁን ወደ ምርጫው። በአምናው የክፍል ውጤት ነው ያወጣሁት አልከኝ። እስቲ ራስህ መልስልኝ፣ ያ ውጤት ምን ያህሉ የልጁ ነው? የቡድን ሥራ አለበት፣ አሳይንመንት አለበት፣ የደብተር ነጥብ አለበት። አንድ ለአምስት ተብሎ ተቧድነው አንዱ ሠርቶ አራቱ የገለበጡት አለበት። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ልጁ የማያውቀው ግቢ ውስጥ፣ ስልክ ሳይኖረው፣ ከማያውቀው ልጅ ጎን ነው የሚቀመጠው። በእንዲህ ዓይነት ውጤት ላይ በግማሽ ነጥብ ዐሥረኛና ዐሥራ አንደኛ መለየት ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከማስገባትህ በፊት ለ58ቱም ያለፈ ዓመት ፈተና ስጣቸው። በሰዓቱ፣ ተራርቀው ተቀምጠው። ሒሳብ ብቻ አይበቃም፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድም፣ ያ የማመዛዘን ችሎታ ፈተና፣ ጨምር። አፕቲትዩድ ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ ስለሌለው ልጆቹ ፈተናው ቀን ነው የሚተዋወቁት። ከስድስቱ አንዱ መሆኑን እያወቅን እንተወዋለን፣ ይገርመኛል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ይሁን። የቁጥሩን መዝገብ ሌላ መምህር ይያዝ፣ አራሚውም አንተ አትሁን። የእህትህ ልጅ ከገባች በቁጥሯ ገባች፣ ካልገባችም በቁጥሯ ቀረች። በየወር ተኩሉ ደግማችሁ ፈትኑ፣ የወጣ ይውጣ፣ የገባ ይግባ። በሩ ክፍት መሆኑን ካወቁ 11ኛውም 30ኛውም ይሮጣል።

ከዚያ አንዲት ነገር ለራስህ ብለህ አድርግ። የሳቱትን ወረቀት ይዘህ ቁጭ በል። ነጥቡን ተወው፣ የት ላይ እንደሳቱ እይ።

ለምን ይሄን እንደምልህ ልንገርህ። የጎረቤቴ ልጅ የ12ኛ ተፈታኝ ሳለ ማታ ማታ እኛ ቤት እየመጣ ያጠና ነበር። አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ላይ ፈዞ ቀረ። ሁለት ኮንሴኪዩቲቭ ኢቭን ነምበርስ ድምራቸው 46 ነው፣ እነማን ናቸው የሚል ነው። ልጁ 46ን ለሁለት አካፈለ፣ 23 አገኘ፣ ምርጫው ውስጥ የለም፣ ደነገጠ። እኔ ሒሳብ ሲባል ጭራሽ የለሁበትም። «ኮንሴኪዩቲቭ ማለት ተከታታይ ማለት ነው» ብቻ አልኩት። ሲኒዬን ከረከቦቱ ሳላነሳ «22 እና 24!» አለኝ። ልጁ ሒሳቡን ያውቀዋል። ያላወቀው ቃሉን ነው። በኋላ «አት ሊስት» (ቢያንስ) እና «አት ሞስት» (ቢበዛ) የሚሉትንም እያምታታ ስንት ጥያቄ እንዳጣ አብረን ስናይ ልቤ ተነካ። «ከአምስት ያላነሰ» ብትለው ይሠራዋል።

ከዘጠነኛ ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አንተ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ፣ በአማርኛ ታስረዳለህ። እንዲገባቸው ብለህ ነው። ፈተናው ግን የሚያስረዳ መምህር የለውም። የሳቱትን ጥያቄዎች ሁለት ክምር አድርጋቸው። በአንዱ በኩል ሒሳቡን ያላወቁት፣ በሌላው በኩል ጥያቄውን ያላነበቡት። ሁለተኛው ክምር ከጠበቅኸው ቢበዛ አትደንግጥ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍና መልሱን አትጠይቅ። «ምን እየጠየቀ ነው? በአማርኛ ንገሩኝ» በል። የእንግሊዝኛው መምህር አብሮህ ቢሠራ ደግሞ በየትምህርቱ ከፈተናዎቹ የሚመላለሱትን ቃላት አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። ይሄ ወጪ የለውም። ለ58ቱም ይጠቅማል፣ ለዐሥሩም ጭምር። ክፍልፋዩንም እንደዚያው። ሁለት ሳምንት ወደ ስድስተኛ ክፍል ብትመለስ ተማሪ ፊት የምታፍር እንዳይመስልህ። እነሱ የሚያፍሩት ሳይገባቸው ስትቀጥል ነው።

ኮምፒውተር ክፍሉንም ለዐሥሩ ብቻ ዘግቶ መያዙ አልገባኝም። ፈተናው በኦንላይን ከተሰጣቸው ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ምን ይሆናል? ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብትደርሰው በቂ ናት።

ድንጋይ የሚጠርበውን ልጅ እስካሁን አላነሳሁትም። ሆን ብዬ ነው፣ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለምን እሱ ብቻ ይጠይቅሃል? እንደኔ፣ ጠዋት ሲሠራ የዋለው ነገር ያስጠይቀዋል። ልኬት፣ ማዕዘን፣ በካሬ ስንት ድንጋይ እንደሚገባ። ሠላሳኛ ያደረገው ሰዓት ማጣት ይሁን አለመቻል አንተም እስካሁን በእርግጠኝነት አታውቅም። ፈተናው ትንሽ ያሳይሃል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቀን ከክፍል በኋላ አብራችሁ እየተራመዳችሁ ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠይቀው። ምናልባት ዩኒቨርሲቲ ይልሃል። ምናልባት ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኮንስትራክሽን ተምሮ፣ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ወስዶ፣ የራሱን ሥራ ልጀምር ይልሃል። ይሄኛውን ቢል እንደ ወደቀ አትየው። የመጀመሪያውን ካለም፣ ዘንድሮ ባይሳካለት በግል ተፈታኝነት ደግሞ መቀመጥ እንደሚችል ከአሁኑ ይወቅ። ይሄንን መረጃ ልጆቻችን የሚሰሙት ውጤት ከመጣና ካለቀሱ በኋላ ነው። አንተ ጥቅምት ላይ ንገራቸው።

ወደ እህትህ እንምጣ። እሷ ጋ ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ሂድ። በስልክ አይሆንም፣ ቡና ሲፈላ ሂድ። «አጎቷ ነኝ፣ ለዚህ ነው ወረቀቷን የማልነካው» በላት። ትቆጣ ይሆናል። ቁጣዋ እስኪወጣላት ስማት፣ አታቋርጣት። ቀጥለህ በአጎትነትህ የምትሰጠውን ንገራት። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቤቴ መጥታ ታጥና፣ እኔም እመለከትላታለሁ በላት። እሱን ማንም አይከለክልህም። ልጅቷን ራሷንስ አናግረሃታል? በደብዳቤህ ውስጥ ሁሉም ስለ እሷ ያወራል፣ እሷ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ምናልባት የአጎቷ ተማሪ መሆኑ ራሱ የከበዳት ልጅ ትሆናለች።

ለርዕሰ መምህሩም ነገሩን ከሰው አፍ ከመስማቱ በፊት አንተ ንገረው። ሲገባህ እንዲህ ብትል ጥሩ ነው፦ «ጋሼ፣ ዝርዝሩን አመጣለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ዐሥራ አንደኛዋ የእህቴ ልጅ ናት። ስለዚህ ምርጫው በእኔ እጅ እንዳይሆን እፈልጋለሁ፣ በፈተና እናድርገው። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።» ይሄን ካልክ በኋላ ስለ 48ቱ ስትናገር ለእህቱ ልጅ ብሎ ነው የሚልህ አይኖርም። ቢኖርም መልስ አለህ። ስትገባ ደግሞ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ውጤት በየትምህርቱ ዘርዝረህ ያዝ። ስንቱ ከ200 እስከ 300 ነበሩ? ስንቱ ሬሜዲያል ገቡ? ከገቡትስ ስንቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው? ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ሲጠራ ከዜሮ ሌላ የሚያነበው ቁጥር ይኖረዋል። እሱም ይሄንን ሳይፈልገው አይቀርም።

የግል ትምህርት ቤቱን ነገር ለሐምሌ አቆየው። ብትሄድ አልፈርድብህም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ዓመቱን አጋምሰህ ተማሪ ጥለህ አትሂድ እንጂ ሰኔ ካለቀ በኋላ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ኪራዩን፣ ሁሉን ደምራችሁ ወስኑ። ያኔ የምትሄደው ከስም ለመሸሽ ነው ወይስ ለተሻለ ኑሮ የሚለውም ይለይልሃል።

የመጀመሪያው ሙከራ ፈተና ውጤት እንደወጣ ጻፍልኝ። የዐሥሩን ሳይሆን የሁለቱን ክምር ነው የምፈልገው፤ የትኛው በለጠ? ያቺ 271 ያመጣችው ልጅም የት እንደተመደበች ንገረኝ። ባለ ባጃጁ በር ላይ ሲጠይቅ ደግሞ ለጊዜው ዝም ብለህ «ትምህርት ቤቱ ጋ አለ» በለውና ውረድ።